የአንሶላው ቀን የማን ነው?

ጥቅምት ፬

ለእህቴ ልጅ ለጭራሮዬ፣

ያለሽበት አገር ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል ሲሉ እሰማለሁና ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ትከሻሽን ያሙቅልሽ። እናትሽም እኔም ደህና ነን። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ከጤና በኩል የሚያስከፋ ነገር የለም። የሚያስከፋው ሌላ ነው፣ እሱን ልነግርሽ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ እንዳልነግርሽ ስናደድ ቃል ይጠፋኛል፣ ካርዱም አብሮ ያልቃል።

ሆስፒታላችን ውስጥ "አዲስ አደረጃጀት" የሚባል ነገር መጥቷል። ሁሉም ሠራተኛ ለገዛ ሥራው ይወዳደር ተባለ። ሰማሽ? ለገዛ ሥራው! የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ የድሮ ኃላፊ ካረፉ ወዲህ ክፍሉን የማስተዳድረው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። "ተጠባባቂ ኃላፊ" ይሉኛል። ምን እየተጠባበቅኩ እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አሁን በፈተና ካላለፍኩ ሌላ ኃላፊ ይሾምብኝና እኔ ጋሪ ልገፋ ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ እጃቸውን ይዤ ሥራ ባስተማርኳቸው ሰዎች ፊት!

እንድንዘጋጅ ብለው ጥያቄዎቹን አስቀድመው አደሉን። ሌላውስ ይሁን። አንዱ ግን እንቅልፍ ነሳኝ፣ "ከሚጠበቅብዎ በላይ የሠሩበትን አጋጣሚ ይግለጹ" ይላል። ኧረ ተዉ! መጀመሪያ የሚጠበቅብኝ ምን እንደሆነ ማን ነገረኝና ነው ከሱ በላዩን የምነግራችሁ? ሦስት ሰው ለቆ ቦታው ባዶ ሲቀር የሦስቱንም ሥራ ስሠራ "ተባበር እንጂ" ነበር የሚሉኝ። ዛሬ ትብብሩ አጋጣሚ ሆነና ግለጸው ተባልኩ።

አንቺ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በሚወዱ ሰዎች መካከል ነው ያለሽ። ምን ብዬ ብመልስ ነው ደስ የሚላቸው? ቶሎ ጻፊልኝ።

እስከዚያው ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፣

ጋሼ


ጥቅምት ፳፪

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ጉልበትዎ ማጉረምረሙን ትቶ ዝም ብሎ እንዲሸከምዎ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤትም እንደ ወትሮው ነው። ጠዋት አልጋ አነጥፋለሁ፣ ከሰዓት ወለል እወለውላለሁ፣ በመሃል የአዛውንቶቹን ልብስ አጥባለሁ። የእርስዎ ሥራ ዘር ሆኖ ተከተለኝ እላለሁ።

ጋሼ አይናደዱ። ይህ ጥያቄ እዚህ የእግዜር ሰላምታ ያህል ነው፣ የማይጠይቅ የለም። መልሱ መልክ አለው። መጀመሪያ ምን ችግር እንደተፈጠረ ይናገራሉ። ቀጥሎ እርስዎ ራስዎ ምን እንዳደረጉ። ከዚያ ምን ውጤት እንደመጣ። አለቀ። ደግሞ እባክዎ የሌላውን ሰው ሥራ ማሞገስ እንዳይጀምሩ፣ አውቅዎታለሁ። እዚያች ወንበር ላይ ሰው ስለራሱ ነው የሚያወራው። ነውር አይደለም።

አንድ ጊዜ በስልክ "ዛሬ አንሶላ ይዤ ጠፋሁ" ብለው ያሳቁኝ ትዝ ይልዎታል? ያኔ ነገሩን አልጨረሱልኝም ነበር። ምን እንደሆነ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ይጻፉልኝ። እኔ መልክ አስይዤ፣ እንደ መልስ አድርጌ እልክልዎታለሁ።

እዚህም ትንሽ ሽር ጉድ አለ፣ ሲሳካ እነግርዎታለሁ። እናቴን ይሳሙልኝ።

ጭራሮዎ


ኅዳር ፮

ለጭራሮዬ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እናትሽ ቤት ነበርኩ። አንቺ እንደሳምሻት አድርጌ ስሜያታለሁ፣ ጉንጬን በጢምህ ወጋኸኝ ብላ ተቆጣችኝ። አንቺንም ጤናና ሰላም አይለዩሽ።

የአንሶላውን ቀን ልንገርሽ። ለእናትሽ አልነገርኳትም፣ ትጨነቃለች። አንቺም እንዳትነግሪያት።

የዋናው መስመር ቧንቧ ፈንድቶ ግቢው በሙሉ ውሃ አጣ። የቆሸሸው ልብስ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። በነጋታው ረፋድ ላይ የማዋለጃ ክፍሏ አዋላጅ እየሮጠች መጣች። "አንድ ንጹሕ አንሶላ የለኝም። የተወለዱትን በእናቶቻቸው ቀሚስ ነው የጠቀለልኳቸው። ሌሎች ደግሞ በምጥ ላይ ናቸው" አለችኝ። እኔ ምን ላድርግ? ውሃ አልወልድ! ከዚያ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ትዝ አለኝ። የራሱ ጉድጓድ ውሃ አለው፣ እንደኛዎቹ ያሉ ትልልቅ ማጠቢያዎችም አሉት። ደወልኩ፣ "አምጣ" አሉኝ።

ንብረት ከግቢ ለማውጣት የመጋዘን ኃላፊው መፈረም አለበት። ባለ ቁልፉ ነው የምንለው፣ ቁልፎቹን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ እየተንቀጫቀጨ ስለሚሄድ። ሄድኩበት። "የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ሳይፈቅዱ አንድ ክር አይወጣም" አለኝ። ኃላፊው የት ናቸው? ስብሰባ። መቼ ይመለሳሉ? አይታወቅም። ሴቶች እያማጡ እኮ ነው ብለው "ታዲያ እኔ አላስማጥኳቸው" አይለኝ መሰለሽ!

ደሜ ፈላ። ሾፌራችንን ጠራሁት፣ አንሶላውን መኪናው ላይ ጫንን። ልብስ የምትተኩሰውን፣ እትዬ ካውያ የምንላትን፣ ከነካውያዋ አሳፈርኳት። የበሩ ዘበኛ ወረቀት ሲለኝ "ወረቀቱ እኔ ነኝ፣ ክፈት" አልኩት። ከፈተ። አጠብን፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ አሰጣን፣ እትዬ ካውያ እየተኮሰች እኛ እያጠፍን ጨረስን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማዋለጃ ክፍል አስረከብኩ።

በሳምንቱ ምን ተሰጠኝ መሰለሽ? ምስጋና? ማስጠንቀቂያ! "የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ያለ ፈቃድ ከግቢ በማውጣት" ይላል። ባለ ቁልፉ ገና መኪናው ከበሩ ሳይወጣ ደውሎ አሳብቆብኝ ኖሯል። የፈረሙት የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ናቸው። አሁን ፈታኝ ሆነው የሚቀመጡትም እሳቸው። እና በምን አፌ ነው "ከሚጠበቅብኝ በላይ የሠራሁት በቀጣችሁኝ ቀን ነው" የምላቸው? አንቺ መላ ካለሽ በይኝ። ፈተናው ታኅሣሥ መጨረሻ ነው።

ጋሼ


ታኅሣሥ ፲፰

ለጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ታሪኩን ደጋግሜ አነበብኩት፣ አንጀቴን በላው። ጥቂት ነገር ግልጽ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነበር። ትምህርት ቤቱን እንዴት አሳመኑት? በሩ ላይ ሲደርሱ ፈርተው ነበር? አንሶላው ሲደርስ አዋላጇ ምን አለች? ደግሞ ያ ቀን ቢመለስ ምን ዓይነት ለውጥ ያደርጉ ነበር? ይህችን የመጨረሻዋን አብዝተው ይጠይቃሉ።

በተቻለ ፍጥነት ቢመልሱልኝ።

ጭራሮ


ታኅሣሥ ፳፯

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መልስ አዘጋጅቼ እልካለሁ ብለሽ ጥያቄ ላክሽልኝ። ፈታኞች በዝተውብኝ ነበር፣ አንቺም ተጨመርሽ።

ለማንኛውም ይኸው። ትምህርት ቤቱን ያሳመንኩት እየለመንኩ ነው። ፈርቼ ነበር፣ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። አዋላጇ አንሶላውን ነጥቃኝ ሮጠች፣ ምን ትበለኝ፣ ሴት እየወለደችባት? ያ ቀን ቢመለስ ደግሞ ፍራሹንም ጨምሬ እጭን ነበር። በይ ይህን ጻፊው!

ፈተናው ግን አልፏል፣ ትናንትና ነበር። ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፣ የሠራተኛ አስተዳደሩ፣ ማስጠንቀቂያዬን የፈረሙት ኃላፊና ከውጭ የተቀጠረች አማካሪ። አማካሪዋ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ፈገግ ብላ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እኔ ኃላፊውን አየሁ፣ ኃላፊው ጣሪያውን አዩ። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውኩት። "እኔ እንዲህ አደረግኩ፣ እኔ እንዲያ አደረግኩ" ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው? አባቴ ቢሰማኝ ከተቀበረበት ተነስቶ በከዘራ ይለኝ ነበር። ምን አልኩ መሰለሽ? ስለ እትዬ ካውያ አወራሁ! ያን ቀን እጇ ተቃጥሎ በጨርቅ ጠቅልላ መተኮሷን፣ አንዴም ወይኔ አለማለቷን። አማካሪዋ "እርስዎስ?" አለችኝ። "እኔማ ነበርኩ" አልኳት።

ስወጣ እትዬ ካውያ ገባች። ቆይታ ወጣችና ስለ ማን እንዳወራች ጠየቅኳት፣ ስለ ሾፌሩ። ሾፌሩስ? ስለ እኔ! መኪናዬን ያስነሳው የሱ ድፍረት ነው ብሎ አመስግኖኛል። ሦስታችን ተቃቅፈን ሳቅን። ሞኞች ነን ልጄ። እርስ በርስ ስንመራረቅ ዋልን።

ውጤቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንሰማለን። ለአንቺም መልካሙን ሁሉ።

ጋሼ


ጥር ፳፭

ለጭራሮዬ፣

ደብዳቤ ከላክሁልሽ ወር ሊሞላው ነው። እናትሽ ደህና ናት ትለኛለች፣ ደህና ከሆንሽስ ምነው ድምፅሽ ጠፋ? አሞሽ ከሆነ ምሕረቱን ያውርድልሽ።

እኔማ ልፈነዳ ነው። ውጤቱ ወጣ። ሦስታችንም "የራሳቸውን አስተዋጽኦ አላሳዩም" ተብለን ወደቅን። የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ማን መሰለሽ? ባለ ቁልፉ! ምን ብሎ መልሶ? ዓይኑን በጨው ታጥቦ "የማዋለጃ ክፍል አንሶላ ባጣ ጊዜ ኃላፊነቱን ወስጄ ንብረቱ ለእጥበት እንዲወጣ አስተባበርኩ" ብሎ! ያን ስልክ የደወለው ሰውዬ! አንድ ክር አይወጣም ያለው ሰውዬ! የሰው ላብ እንዲህ ይሰረቃል? ብር ቢሰርቀኝ ይሻለኝ ነበር፣ ብር ይተካል። ቀኔን ነው የወሰደብኝ! በዕድሜዬ ሙሉ አለኝ የምላትን አንዲት ቀን!

ቅሬታ አቀረብኩ። ኮሚቴ ፊት ቆሜ በዚህ ጊዜ ነውሩን ሁሉ ዋጥኩና "እኔ፣ እኔ፣ እኔ" እያልኩ ከቧንቧው ጀምሬ እስከ አጥሩ ድረስ ተረኩላቸው። ጸሐፊዋ አቀርቅራ ጻፈች። ሰብሳቢው ወረቀት አገላበጡና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "መልስዎ ቀደም ሲል ሌላ ተወዳዳሪ ካቀረበው ጋር ስለሚመሳሰል ለመቀበል እንቸገራለን።" የገዛ ቀኔን ኮርጄ ተገኘሁ!

ማስጠንቀቂያው ማኅደሬ ውስጥ አለ፣ እዩት አልኳቸው። አዩት። "ይህ የሚናገረው ስለ ንብረት አወጣጥ ነው እንጂ ስለ ላቀ አፈጻጸም አይደለም" አሉ። ጥፋቱ የእኔ፣ ሥራው የሱ ሆኖ ተከፋፈልን ማለት ነው።

ከሰኞ ጀምሮ ጋሪ እየገፋሁ ነው። ባለ ቁልፉ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ "ጋሼ፣ ይፍጠኑ እንጂ" ይለኛል። አንቺ እንኳ አይዞህ በይኝ።

ጋሼ


የካቲት ፪

ለውድ ጋሼ፣

አይዞዎት። በጣም አዝኛለሁ። እንዲህ ያለ ሰው የትም አይጠፋም። ፈጣሪ ለሁሉም እንደ ሥራው ይሰጣል።

ትንሽ ገንዘብ በእናቴ በኩል ልኬያለሁ፣ ጫማ ይግዙበት። ጋሪ ሲገፉ እግርዎ እንዳይጎዳ።

ብዙ ለመጻፍ አልተመቸኝም።

ጭራሮ


የካቲት ፳

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን አለሽ አልልሽም፣ ደህና መሆንሽን እናትሽ ነግራኛለች። አሳምራ ነግራኛለች።

ቅዳሜ ዕለት የላክሽውን ገንዘብ ይዛ ቤቴ መጣች። ፊቷ በርቷል። "ልጄ ተሾመች! የጽዳትና የእጥበት ተቆጣጣሪ አደረጓት!" አለችኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እንዴት ተሾመች አልኳት። እናትሽ ወንበሬ ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና ትነግረኝ ጀመር። መጦሪያ ቤቱ ውሃ አጥቶ፣ ልጄ አንሶላውን መኪና ላይ ጭና፣ በረኛው ወረቀት ሲላት "ወረቀቱ እኔ ነኝ" ብላ፣ ትምህርት ቤት ለምና፣ አጥር ላይ አስጥታ። እግሯ እየተንቀጠቀጠ! እግሯ!

የእኔን ቀን የገዛ እህቴ ተረከችልኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጥኳት። "እንዴት ያለች ደፋር ወለድኩ አትለኝም?" አለችኝ። "ደፋርስ ደፋር ናት" አልኳት። ምን ልበላት? እውነቱን ነግሬ ደስታዋን ልቀማት? ሄደች፣ እኔ እዚያው እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

አሁን ገባኝ። ታኅሣሥ ላይ "ፈርተው ነበር?" ያልሽኝ ለዚህ ነው። መልስ ላዘጋጅልዎ ብለሽ መልስሽን አሰናዳሽብኝ። ባለ ቁልፉን በደብዳቤ ስሰድበው አንቺ ማዶ ሆነሽ "እንዲህ ያለ ሰው የትም አይጠፋም" ትይኛለሽ! እውነትሽን ነው፣ አይጠፋም። ጓዳዬ ድረስ አለ!

ባለ ቁልፉ ባዳ ነው፣ ከሱ ምንም አልጠብቅም። አንቺን ግን በእጄ ነው ያሳደግኩሽ። "ጋሼ፣ ቸግሮኛል፣ ቀንዎን ያውሱኝ" ብትይኝ ምን እልሽ ነበር? ውሰጂ ነበር የምልሽ። መርቄ ነበር የምሰጥሽ። ለምነሽኝ ብትወስጂ አንጀቴ ቅቤ በጠጣ። ለምን ሰረቅሽኝ?

ገንዘቡን ለእናትሽ መልሻለሁ። ጫማ አለኝ።


መጋቢት ፲፯

ለጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ማለት ራሱ አሳፈረኝ፣ ግን ሰላም ይሁንልዎ።

ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ላስተባብል አልጻፍኩም። መጀመሪያ የጠየቅኩዎት ከልቤ ለእርስዎ ብዬ ነበር። በመሃል እዚህ ቦታ ተከፈተና ተወዳደርኩ። ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ጋሼ፣ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ የታመመችን ባልደረባ ሸፍኜ ሠርቻለሁ፣ የአዛውንት እጅ ይዤ አምሽቻለሁ፣ ግን እዚያ ወንበር ላይ ሳስበው ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሆነብኝ። ጥያቄው እንዲህ ነው የሚያደርገን፣ የሠራነው ሁሉ ፊቱ ሲቆም ያንሳል! እኔም ተናደድኩ፣ ፈራሁም። አፌን ስከፍት የወጣው የእርስዎ ቀን ነው። ለሁለተኛው ዙር ሲጠሩኝ ደግሞ ዝርዝሩን ከእርስዎ ለቀምኩ። ያኛው አውቄ ያደረግኩት ነው።

ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። የምጽፈው ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው።

እኔ ከምቆጣጠራቸው አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አለች። እዚህ የሚኖር አንድ ሽማግሌ አለ፣ ሚስቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለ ሆስፒታል ተኝታለች። ልጆቹ እንወስድሃለን፣ እንወስድሃለን እያሉ ቀሩ። ሠራተኛዋ በምሳ ሰዓቷ በተሽከርካሪ ወንበሩ ገፍታ ወሰደችው። ሚስቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ እጇን ይዞ ዋለ፣ ለእራት መለሰችው። አስተዳዳሪዋ ይህን ሰማችና ማስጠንቀቂያ አዘጋጅታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። "ነዋሪን ያለ ፈቃድ ከግቢ በማውጣት" ይላል። ፈርሚ ተብያለሁ። ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ስለሆንኩ እምቢ ካልኩ ሹመቱን ይነጥቁኛል።

እስካሁን አልፈረምኩም። እምቢም አላልኩም። ምን ላድርግ ጋሼ?


መጋቢት ፳፱

ለጭራሮ፣

ጤና ይስጥሽ።

ምን ላድርግ ትይኛለሽ? ማስጠንቀቂያ ሲፈረምብኝ ምን እንደተሰማኝ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ለነሱም የተረክሽላቸው አንቺው ነሽ! "ወረቀቱ እኔ ነኝ" ብለሽ የለም? በይ ሁኚው!

ኃላፊያችን ያኔ ብዕራቸውን አንስተው ሲፈርሙ ምንም አልመሰላቸውም። ክፉ ሰው አይደሉም። በበዓል ቀን "እንኳን አደረሰህ" ይሉኛል። ይህ ነው የሚያናድደኝ። አንድ ሰው "ይህን እኔ አልፈርምም" ቢል ኖሮ ይበቃኝ ነበር። ባልሾም እንኳ ይበቃኝ ነበር።

ሰምተሽኛል? አትፈርሚ። ሹመቱ ይቅር፣ ድሮም በሰው ቀን ያገኘሽው ነው። ከፈረምሽ ግን ከእንግዲህ ደብዳቤ አትጻፊልኝ። ካልፈረምሽ የራስሽ ቀን ይኖርሻል፣ የኔን ትመልሽልኛለሽ።

ጋሼ


ሚያዝያ ፳፰

ለምወድዎ ለጋሼ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን የቆየሁት ነገሩ እስኪለይለት ነው።

አልፈረምኩም። አስተዳዳሪዋ ቢሮ ገብቼ "ይህቺ ሴት የሚያስቀጣ ነገር አልሠራችም፣ እኔ አልፈርምም" አልኳት። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በዚህ ጊዜ የራሴው እግር። ቀጥዬም የተሾምኩበት ታሪክ የእኔ እንዳልሆነ፣ የአጎቴ እንደሆነ ነገርኳት። ምን አለችኝ መሰለዎት? "እሱ ችግር የለውም፣ እኛ የምናየው አቀራረብሽን ነው። ችግሩ አለመፈረምሽ ነው።" ጋሼ፣ ጮኼባት ወጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር ይባላል?

ማስጠንቀቂያውን እሷ ራሷ ፈረመችው። ለእኔም ሌላ ጻፈችልኝ፣ ባለመታዘዝ። ተቆጣጣሪነቱ ቀርቶ ወደ ወለሌ ተመልሻለሁ። ሽማግሌውን አሁን በእረፍት ሰዓታችን በተራ እንወስደዋለን፣ ፈቃድ ጠይቀን። አንድ ሰው ከጮኸ በኋላ ፈቃዱ ተገኘ።

ቀንዎን መልሻለሁ። እናቴ ግን ገና ተቆጣጣሪ ናት ብላ እየኮራችብኝ ነው። በስልክ ልነግራት ሞክሬ አቃተኝ። እባክዎ ሁሉንም፣ የሰረቅኩትንም ጨምረው፣ እርስዎ ይንገሩልኝ።

ጭራሮዎ


ግንቦት ፯

ለጭራሮዬ፣

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናው፣ መንቀጥቀጡ አይጠላም።

ነገርኳት። የአንሶላውን ስትሰማ አለቀሰች፣ ከዚያ በእኔ ዞረችብኝ። "ቁጭ ብለህ ስታስተርከኝ አታፍርም?" ብላ በነጠላ ጫማዋ ልትለኝ ነበር። ቀጥዬ አልፈርምም ማለትሽን፣ ሹመቱን መነጠቅሽን ነገርኳት። "ከአፏ ነው የወጣው? አልፈርምም ብላ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

እኔ አሁንም ጋሪ እገፋለሁ፣ ባለ ቁልፉም አሁንም ይፍጠኑ ይለኛል። አልበረደልኝም፣ እንዲበርድልኝም አልፈልግም። ግን ትናንት በእረፍት ሰዓት እትዬ ካውያን፣ ሾፌሩንና አዋላጇን ሰብስቤ አንቺ አስተዳዳሪዋ ፊት የቆምሽበትን ቀን ነገርኳቸው። ባለ ቁልፉ በር ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር፣ ድምፄን ከፍ አደረግኩለት። ከመጀመሬ በፊት ግን ይህን ያደረገችው የእህቴ ልጅ ናት አልኩ፣ ስጨርስም ደግሜ አልኩት።

ጋሼ